የሞክሼ ጣጣ

ጥቅምት 5

ለአጎቴ ልጅ፣ ለፈታታው፣

ከሁሉ አስቀድሜ ባለህበት ጤናህ አይጓደል፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይቃናልህ። እኛ ደህና ነን። ትልቋ ልጄ በቁመት አልፋኝ ቀሚሶቼን ቁም ሳጥን ውስጥ እያሉ መውረስ ጀምራለች። ጋሼ አባትህም ደህና ናቸው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በስልክ ስነግርህ «በአፍ አይገባኝም፣ ጽፈሽ ላኪልኝ» ስላልከኝ ይኸው ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። አምና መጥተህ የሠራህልን ያቺ ትንሽ ፕሮግራም፣ አንተ «ስክሪፕት» የምትላት፣ አብዳለች።

መቼም አንተ ሠርተህ መርሳት ልማድህ ነው፤ ሬዲዮ ፈትተህ ብሎኑን የትም በትነህ የምትሄድ ልጅ ነበርክ። ስለዚህ ላስታውስህ። የዓይን ቀዶ ሐኪሞቹ ወደ ክሊኒካችን አልፎ አልፎ ይመጡና አንድ ሳምንት ሰንብተው ይሄዳሉ። ፕሮግራምህ ከመዝገቡ ውስጥ ተራው የደረሰውን ሰው እየለቀመች ዝርዝር ታወጣለች፤ ለቤተሰቡም በስልክ መልእክት ትልካለች። ድሮ በእጃችን ስናወጣ «ዘመዳቸውን አስቀደሙ» እየተባልን የጠጣነውን ስድብ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ የክሊኒካችን ዶክተር ደንብ አውጥታለች፤ ፕሮግራሟ ያላወጣችው ስም አይጠራም፣ በእጅ የሚጨመርም የለም።

ታዲያ በዚህ ዙር አንዷን እናት ሁለቴ ጠራቻቸው። ልጃቸው ከሥራው አስፈቅዶ ሁለቴ አመጣቸው። በሁለተኛው ቀን አልጋው ጋ ሲደርሱ «የዓይኔን ሞራ አውጥታችሁልኛል፤ አሁን ደግሞ ምን ቀርቷችሁ ነው?» ብለው ጮኹ። በእሳቸው ቦታ መግባት የነበረበት ሰውዬ ሳይታከም ሄደ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ዘበኛችን አንዱን ስም ሁለቴ በጠራ ቁጥር ሕዝቡ «አቤት!» እያለ ይስቅበታል፤ እሱ ደግሞ ቀልድ አይወድም።

እባክህ ቶሎ ብለህ እያት። አንተ ዘንድ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት፤ እዚህ ግን የሰው ዓይን ነው።

እትዬህ


ጥቅምት 28

ውድ እትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፤ የቤቱን ሰው ሁሉ በየስሙ ሳሚልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። እዚህ አንድ ሥራ አልቆ ሌላው ሳይጀመር ሦስተኛው ይደርሳል።

እትዬ፣ «አብዳለች» የሚባል ስህተት የለም። ከሌላ ሰው ቢመጣ መልስም አልሰጥ ነበር። ምን አስገባሽ? ምን ወጣ? ምን እንዲወጣ ነበር የፈለግሽው? ሦስቱን ካልጻፍሽልኝ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም። ለነገሩ የላክሽውን መዝገብ ከፍቼ ሳየው ነገሩ ገብቶኛል።

እኚያ እናት ሁለት ቦታ ተመዝግበዋል። አንዱ ጸሐፊ ስማቸውን በሃሌታው ሀ ጽፎታል፣ ሌላው በሐመሩ ሐ። እኔና አንቺ ስናነበው ያው ነው። ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም፤ ለእሱ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠም እንደዚያው፤ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐም እንደዚያው። ሞክሼ ፊደል የሚባለውን ነገር ማን እንዳተረፈልን አላውቅም፤ ባገኘው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ።

ስለዚህ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል የሚያመጡ፣ ከዚያም ስሙ ሁለቴ የተገኘውን ሰው አንዴ ብቻ የሚያስቀሩ ጥቂት መስመሮች ከደብዳቤው ግርጌ ጽፌልሻለሁ። ገልብጠሽ በአሮጌዎቹ መስመሮች ቦታ ለጥፊያቸው። ሌላ ነገር አትንኪ። እባክሽ ሌላ ነገር አትንኪ።

አባዬ ስልክ ስደውልለት ሁልጊዜ ጣሪያውን ነው የሚያሳየኝ። ስልኩን እንዴት እንደሚይዝ አሳዪው።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለፈታታው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ የሥራው ብዛትም ለበረከት ያድርግልህ።

ሌላ ነገር አልነካሁም። እንደ ቅዱስ ነገር በሁለት ጣቴ ነው የያዝኩት። መስመሮችህን መጀመሪያ ደብዳቤ በምንጽፍበት ፕሮግራም ላይ ለጠፍኳቸው፣ ከዚያ ወደ ቦታቸው ወሰድኳቸው። ወዲያው ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። «ምን ወጣ?» ካልከኝ ቀይ ነው የወጣው። ምን እንዲወጣ ነበር የፈለግኩት? ዝርዝር። ምን አስገባሁ? አንተ የላክኸውን። ሦስቱንም መልሻለሁ።

ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። እኔ ሳየው አንተ ቀጥ አድርገህ የጻፍካቸው የጥቅስ ምልክቶች ቀንድ አብቅለዋል። ደብዳቤ መጻፊያው «ላሳምርልሽ» ብሎ ሳይጠይቀኝ ጠምዝዟቸዋል መሰለኝ። ምልክት ስለተጠማዘዘ ሥራ የሚያቆም ነገር ሠርተህ ሰጥተኸን «አምስት ደቂቃ ነው» ትላለህ።

ሌላም አለ። አሮጌው ጸሐፊያችን በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ካላደረገ የጻፈ አይመስለውም። ጸሐፊዋ ልጅ ደግሞ ስም በጻፈች ቁጥር ባዶ ቦታ ትጨምርበታለች፤ ስሙ የማይታይ ጅራት ያወጣል። ይህም ያጣላል ወይ?

ሐኪሞቹ በዚህ ወር መጨረሻ ይመጣሉ። ያለ ዝርዝር እንዳታስቀረን።

ጋሼ ስልክ መያዝ አይመቻቸውም። ሽማግሌ ናቸው እኮ፤ ምን ታደርጋቸዋለህ።

እትዬህ


ኅዳር 20

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ ለቤተሰቡም እንዲሁ።

አዎ፣ ያጣላል። ሁለት ነጥቡም፣ ጅራቱም፣ ቀንዱም ያጣላል። ከእንግዲህ ምንም እንዳትገለብጪ። ሙሉውን ፋይል አያይዤ ልኬልሻለሁ። አሮጌውን አውጥተሽ ይህን በቦታው አስቀምጪ፤ አትክፈቺው፣ አታሳምሪው፣ ለማንም አታሳዪው። ሁለት ነጥቡን ወደ ባዶ ቦታ ይቀይራል፣ ጅራቱን ይቆርጣል፣ ሞክሼዎቹን ያስታርቃል፣ የተደገመውን ይጥላል። እኔ ጋ ሞክሬው እንደ ሰዓት ሠርቷል።

ዝርዝሩ ላይ በፊደል ፋንታ ሳጥን ሳጥን ከታየሽ መዝገቡ ሲቀመጥ የተመረጠው አጻጻፍ ተሳስቷል ማለት ነው። አምና ግድግዳው ላይ የለጠፍኩላችሁን ወረቀት እዪ።

ከዚህ በኋላ እስከ አዲሱ ሥራዬ ማለቂያ ፋታ የለኝም፤ አለቃዬ ትከሻዬ ላይ ቆሟል። ትንሽ ትንሹን ነገር እዚያው ጨርሱት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 6

ለአጎቴ ልጅ፣

እግዜር ይስጥልኝ፤ ያሰብከው ይሙላልህ። ፕሮግራሟ ሠራች። በመጀመሪያ ሳጥን ሳጥን ወጥቶ ነፍሴ ወጥታ ነበር፤ ወረቀትህን ፈልጌ አስተካከልኩት። ሁለቴ የተጠራ ሰው የለም። ዶክተሯ «ወንድምሽን አመስግኚልኝ» ብላለች። ዘበኛውም ኮርቷል።

አንድ ነገር ብቻ አለ። እርጅና የገፋቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ጥቅምት ላይ ራሴ ነኝ የመዘገብኳቸው። በደንብ መዝግቤያለሁ፣ መዝገቡ ላይ አሉ። ዝርዝሩ ላይ ግን የሉም። ተራቸው መድረሱን አውቄ «ይምጡ፣ መጠራትዎ አይቀርም» ብያቸው ስለነበር ከማለዳ ጀምሮ በሩ ላይ ቆመው ዋሉ። ከእሳቸው በኋላ የተመዘገቡ ሰዎች ተጠሩ። ማታ ዘበኛው በሩን ሲዘጋ ግድግዳውን እየዳበሱ ሄዱ።

ይህን ምን በላው? በእጅ መጨመር እንደማይቻል ታውቃለህ። በተለይ እኔ ለእሳቸው መጨመር አልችልም። ቶሎ ብለህ እይልኝ፣ በእናትህ ነፍስ።

እትዬህ


ጥር 8

እትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሥራው መሐል ነበርኩ። በኋላ ደግሞ ረሳሁት፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ቀረ ማለት ፕሮግራሟ ሠርታለች ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ የጸሐፊ ስህተት ነው። ሰውየውን ሰርዘሽ እንደገና መዝግቢያቸው፤ በጥንቃቄ፣ ያለ ጅራት። ያልቃል። ለአንድ ሰው ተብሎ የሚሠራውን ነገር መፈታታት አልወድም። አውቃለሁ፣ ስሜ ሌላ ነው የሚለው፤ ግን ሰው ያድጋል።

ይልቅ አባዬ አስቆኝ ነበር። ባለፈው ስንደዋወል ትክ ብሎ አይቶኝ «ወፍረሃል፤ ጺምህም አምሮብሃል» አለኝ። ጺሜን ከተላጨሁ ቆይቻለሁ። ቀልዱን አልተወም ብዬ ሳቅሁ።

ወንድምሽ


ጥር 10

ሰላምታውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሰርዤ መዝግቤያቸዋለሁ። አንተ ከመምከርህ በፊት መዝግቤያቸዋለሁ። የጥር ዙር መጥቶ ሄደ፤ አሁንም ስማቸው አልወጣም። ለሁለተኛ ጊዜም በሩ ላይ ቆመው ውለው ተመለሱ። ዘበኛው ውሃ ቢሰጣቸው ብርጭቆው ካለበት ራቅ ብለው አየር ጨበጡ። እኔ ከመስኮቱ በስተጀርባ ሆኜ አየሁ፤ መውጣት አፍሬ ቀረሁ።

«አንድ ሰው» ትላለህ። አንዱ ሰው አባትህ ናቸው።

ጺምህን አላዩትም። ጥርስህንም፣ ግንባርህንም አያዩም። ስልኩ ላይ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታያቸው። «ወፍረሃል» የሚሉህ ወላጅ ለልጁ ከሚለው ነገር ውስጥ ያ መቼም ስለማይስት ነው። ጣሪያውን የሚያሳዩህ የስልኩን ፊትና ጀርባ ስለማይለዩ ነው። ልብስ መስፋት ካቆሙ ሰነበቱ፤ ደንበኛ ሲመጣ «መኪናው ተበላሽቷል» ይላሉ። «ለልጄ ብትነግሪው ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ አፍሽን ያዢ» ብለው አስምለውኝ ነው ዝም ያልኩት። በመሐላዬ ታሰርኩ። አንተን ግን ማንም አላሰረህም፤ ሦስት ጊዜ ለመንኩህ።

እንግዲህ የእኔ አጎት ስለሆኑ ብዕር አንስቼ ስማቸውን ባክል፣ ነገ «ዘመዷን አስገባች» ተብዬ ካርድ ክፍሉን ለቅቄ እሄዳለሁ፤ ደንቡም አብሮኝ ይሄዳል። ባላክል ደግሞ እሳቸው ይታወራሉ። የት ልግባ?

ፈታታው ነህ አይደል? ፍታው።


ጥር 11

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሥራ ቦታ ነው። ተነስቼ ደረጃው ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። አንቺ ላይ ልጮህ ብዬ ስልኩን አንስቼ ነበር። «እንዴት አትነግሪኝም?» ልል ነበር። ከዚያ ያንቺን ደብዳቤዎች ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኳቸው። የነገርሽኝን ሁሉ አላነበብኩትም እንጂ ነግረሽኛል።

መዝገቡን ከፍቼ መስመር በመስመር አሄድኩት። አገኘሁት።

መዝገባችሁ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ ሰው አሉ። ስማቸው የአባዬ ስም፣ የአባታቸውም ስም የአያቴ ስም ነው። የሚለየው አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ የአባዬ በንጉሡ ሠ ተጽፏል፣ የእሳቸው በእሳቱ ሰ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ካርዳቸውም ሁለት ነው። ሹፌሩ ጥቅምት ላይ ታክመው ወጥተዋል።

እኔ ደግሞ ኅዳር ላይ ምን አልኩ? «ሞክሼዎቹን አስታርቅ፣ የተደገመውን ጣል።» ፕሮግራሟ የታዘዘችውን አደረገች። ንጉሡን ሠ እሳት አደረገችውና አባዬን የሹፌሩ ድጋሚ ነው ብላ ጣለችው። ሹፌሩ ስለታከሙ አባዬም ታክሟል ማለት ነው። መቶ ጊዜ ብትመዘግቢው መቶ ጊዜ ትጥለዋለች። የጸሐፊ ስህተት አይደለም። የመጣያዋን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽፌም «እንደ ሰዓት ሠርቷል» አልኩሽ።

ሰው በስሙ ብቻ አይለይም፤ ይህን ጀማሪም ያውቃል። አዲሱ ፋይል ሰውን የሚለየው በካርድ ቁጥሩ ነው፤ ስም ቢመሳሰል «ተመሳሳይ አለ፣ እዩት» ብሎ ይጠይቃችኋል እንጂ ማንንም በራሱ አይጥልም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ሠንጠረዡ የካርድ ቁጥሩን እንደ ተራ ቁጥር ከቆጠረው ፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል። ዓምዱን ጽሑፍ ነው ብለሽ አስቀምጪው። ካልሆነልሽ ደውዪልኝ፤ በአፍም ቢሆን ይገባኛል።

ለዶክተሯም የሆነውን ጽፌላታለሁ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጭምር። ሌላ እንዲህ የተጣለ ሰው መኖሩን ፈትሼ ሁለት ሰዎች አግኝቻለሁ፤ እነሱንም ጥሯቸው።

ለአባዬ ማወቄን አትንገሪው። ወይም ንገሪው። እኔ እንጃ፤ አንቺ ታውቂያለሽ።


የካቲት 4

ለወንድሜ፣

ሰላምህ ይብዛ። በስልክ አጠር አድርጌ ነግሬሃለሁ፤ አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍልህ።

ዜሮዎቹ ተበልተው ነበር። መለስኳቸው። ዝርዝሩ ወጣ፤ ጋሼ አሉበት፣ ሁለቱ ሰዎችም አሉ። ዶክተሯ ደብዳቤህን አንብባ «ባለፈው አመስግኚልኝ ያልኩሽን ግማሹን መልሽልኝ» አለች። ከዚህ በላይ አልተቆጣችም።

ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ነገ ነዎት!» ብላቸው፣ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው ጨርቅ እያጣጠፉ፣ «አልሄድም» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሁለቴ ሄድኩ። ሁለቴ የሰው ስም ሲጠራ ሰምቼ መጣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ደጅ ጠኚ ሆኜ አልሞትም። የቀረኝን በድንግዝግዝ እጨርሰዋለሁ።»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። ግንብ ቢሆን ይሰማኝ ነበር። በነጋታውም ተጠርተው ቀሩ። ዘበኛው ስማቸውን ሲጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ። ሐኪሞቹ ደግሞ ከነገ ወዲያ ሊሄዱ ነው።

ይሄኔ ከወረፋው መሐል አንድ ጎርናና ድምፅ «እዚህ ነኝ! ለምርመራ ነው የመጣሁት፤ ደግሞ ልትቀዱኝ ነው እንዴ?» አለ። ሹፌሩ ናቸው። ለክትትል የመጡበት ቀን ነበር። ካርድ ክፍል ገብተው «ስሜ ለምን ተጠራ?» አሉ። በንዴት ላይ ነበርኩና «የእርስዎ ስም የአጎቴን ስም ውጦት ነው የከረመው!» አልኳቸው። ከዚያ አፌን ያዝኩ፤ የእሳቸው ጥፋት አልነበረም። ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው።

ሰውየው ከወንበሩ ተነሱ። «እኔ ተኝቼ ጋዜጣ ሳነብ ሞክሼዬ በሩ ላይ ግድግዳ ይዳብስ ነበር?» አሉ። «ተነሽ፤ ቤቱን አሳዪኝ።»

በምሳ ሰዓት ይዣቸው ሄድኩ። አንኳኩ። ጋሼ ከውስጥ «ማነው?» አሉ። ሹፌሩ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ።

«ያ የእኔ ስም ነው» አሉ ጋሼ።

«የእኔም ነው። ተካፍለን እንብላው፤ ክፈት።»

በሩ ሲከፈት ሹፌሩ ምንም ሰላምታ አላበዙም። «ስማኝ ወንድሜ። እኔ ዓይኔ እንደጠፋ ያመንኩት መቼ መሰለህ? በጠራራ ፀሐይ በግ ገጨሁ ብዬ ደንግጬ ወረድኩ። በጉን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ሰዎች መጥተው ‹አባባ፣ የገጩት የሰው አጥር ነው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ኩራቴን አጥሩ ሥር ትቼው መጣሁ። አንተ የኩራትህ ዋጋ ስንት ነው?»

 የጋሼ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ነበር።

«ያን ቀን ስምህ ያልተጠራው በእኔ ምክንያት ነው» አሉ ሹፌሩ። «ሳላውቅ ተራህን በላሁ። ነገ አንተ እስክትገባ እዚያ በር ላይ እኔ እቆማለሁ። ዘበኛው ስማችንን ሲጠራ ሁለታችንም አቤት እንላለን። ከዚያ በኋላ የሚያሳልፍህ ቢጠፋ እኔን ጠይቀኝ።»

ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው የሹፌሩን ትከሻ ፈለጉ፤ ከፍ አድርገው ነበር የዘረጉት፣ አጡት። ሹፌሩ የጋሼን እጅ ይዘው ትከሻቸው ላይ አኖሩት። በነጋታው እንደዚያ ተያይዘው መጡ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም አልነበረም። የቀኙን ሠሩት፤ የግራውን «በኋላ እናየዋለን» ብለዋል። ፋሻው ሲፈታ ዶክተሯ፣ እኔና ሹፌሩ ቆመን ነበር። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ገለጡ። መጀመሪያ እኔን አዩኝ። «አንቺ ነሽ? ምን አስረጀሽ?» አሉኝ። ዶክተሯን «የኔ እናት፣ ገና ልጅ ነሽ እኮ» አሏት። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። ሰውየው ድንክ ናቸው እኮ፤ ስነግርህ ዘለልኩት መሰለኝ። የጋሼ ብብት ሥር ናቸው። ጋሼ ከእግር እስከ ራስ፣ ማለቴ ብዙም ሩቅ አይደለም፣ ካዩአቸው በኋላ «ያ ሁሉ ድምፅ የሚወጣው ከዚህ ነው?» አሉ። ዶክተሯ ወንበሩን ይዛ ሳቀች።

አንተ ማወቅህን ነግሬያቸዋለሁ። አስምለውኝ ሳልጠብቅ ቀረሁ፤ ይቅር ብለውኛል። «አትቆጪው» ብለዋል፣ ስላንተ። እኔ ግን ትንሽ ተቆጥቼሃለሁ፤ እስኪያልፍልኝ ታገሠኝ።

እትዬህ


የካቲት 9

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሹፌሩን ጫማቸውን ሳሚልኝ ልል ነበር፤ ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ፤ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ዘለሻል። «የግራውን በኋላ እናየዋለን» ብለሽ ወደ ሳቁ ሮጥሽ። እኔ ደግሞ አሁን ማንበብ ተምሬያለሁ። የግራው ዓይኑ ምን ሆነ? ባለፈው ዙር ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር? አሁንስ አባዬ ምን ያህል ያያል? አታሳምሪልኝ። እንዳለ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 10

ለወንድሜ፣

ጠየቅከኝ፤ እንዳለ እነግርሃለሁ።

የግራው ጠፍቷል። ሞራው ከልክ በላይ በስሎ ዓይናቸው ውስጥ ግፊት አምጥቶ ነበር፤ ግፊቱ ነርቩን ገደለው። በኅዳር ወይም በጥር ዙር ቢሠራ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኋት። «ምናልባት» አለችኝ። አዎም አላለችም፣ አይም አላለችም። አንተም ከዚህ በላይ አትጠይቃት፤ እኔም ለራሴ ከዚህ በላይ አልጠይቅም። ያን ጊዜ መስኮቱ ኋላ ቆሜ የቀረሁት እኔ ነኝና።

ጋሼ ያውቃሉ። ሲነገራቸው «አንዱ ይበቃል፤ ጉልበቴም አንዱ ነው የሚሠራው» አሉ። ማታ ግን የግራውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ገልጠው፣ ደግመው ሸፍነው ሲሞክሩ አይቻለሁ።

በቀኙም ቢሆን ሁሉን አያዩም። ከወንበራቸው እስከ ቤቱ በር ድረስ በደንብ ያያሉ። ከበሩ ወዲያ ያለ ሰው ለእሳቸው ጥላ ነው፤ ማን እንደሆነ አይለዩም።

ስለዚህ ስትመጣ ከግቢው ሆነህ እጅህን አታውለብልብ። ዝም ብለህ ግባ። ጠጋ በል፤ ፊትህን እስኪይዙት ድረስ ጠጋ በል።

እትዬህ